ሁለቱ ኡ

ሃይሉኦቶ ደሴት ባሕሩ ሲጋገር፣
ጀልባው ሥራ ፈቶ መኪና በበረዶው ሲሻገር፣
ሳይሚ ትነሣለች ጎህ ሳይቀድ ገና፣
ካፖርት ደርባ ወጥታ ታያለች ደመና።
ሠላሳ አንድ ዓመት የአየር ጠባይ ጽፋ
ጡረታ ብትወጣም አልተኛችም አርፋ፤
ዛሬም በማለዳ ለከተማው ቢሮ
አንድ መስመር ትልካለች፣ ልክ እንደ ድሮ፦
ነፋስ ከየት መጣ፣ ስንት ነው ብርዱ፣
ስንት ጭነት ይችላል የበረዶ መንገዱ።

ጣቷ ግን ከዳት።
አንዴ የነካችው ቁልፍ ሦስቴ ይመታል፣
አንዱ ፊደል በማያው ላይ እንደ መንጋ ይነዳል።

የወንድሟ ልጅ ኒሎ፣ ኦውሉ ከተማ ኮድ ጽፎ አዳሪ፣
ከሰው ይልቅ ከጥቁር መስኮት ጋር ተነጋጋሪ፣
አንድ ቅዳሜ ሌሊት ትንሽ ፕሮግራም ሠራ፤
መልክ የላት፣ ድምፅ የላት፣
በአንድ መስመር ትእዛዝ ከተፍ ትላለች ስትጠራ።
ከጣትና ከማያ መካከል ቆማ፣
እንደ ኬላ ዘበኛ፣ በጨለማ፣
እያንዳንዱን ፊደል ትይዛለች፦
«መቼ ወረድክ? መቼ ተነሣህ?» ትላለች፤
«አሁን ያለፈው መንታህ ከሆነ፣ አንተ እዚሁ ቅር።»
ትውጠዋለች፣ ያለ ደም፣ ያለ ምስክር።

ሳይሚ ሳቀች። «እጄን መለስክልኝ» አለችው።

ግን በዚያ አገር ቋንቋ ፊደል መደገም ፍች አለው፦
ባለ አንድ ኡ፣ ቱሊ፣ እሳት ነው፤
ባለ ሁለት ኡ፣ ቱኡሊ፣ ነፋስ ነው።
ኒሎ ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል፤
ግን ሌሊት ነበር፣ ደክሞታል።

ሰኞ ማለዳ ቢሮው የደረሰው ቃል፦
«ብርቱ እሳት ከሰሜን፤ እየባሰ ይሄዳል።»
ተረኛው ልጅ አዲስ ነበር፤ ስልኩን አነሣ።
የደሴቷ በጎ ፈቃደኞች፣ አናጺው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ባለሱቁ ሳይቀር፣ ተነሣ!
ቀይ መኪናቸው ደጇ ሲደርስ እያጓራ
ሳይሚ ከነፋስ መለኪያው ላይ በረዶ ትጠርጋለች በማንኪያ፣ ተራ በተራ።
«እሳቱስ?» አላት አናጺው።
«የምን እሳት?» ስትለው
ቆቡን ነጥቆት ሄደ፣
ወደ ባሕሩ ወሰደ፣
ያ ስሙ የተቆረጠበት፣ ያ አንድ ፊደል የጎደለው።

ኒሎ ሲሰማ አልሳቀም። በረዶውን አቋርጦ መጣ፣
አክስቱ አጠገብ ሦስት ቀን ተቀመጠ፣ አልወጣ።
እሷ ትጽፋለች፣ እሱ ይቆጥራል፣
በሰከንድ ሽራፊ ይሰፍራል፦
ሕመም የደገመው በአርባ ሽራፊ ይከተላል፤
ሐሳብ የደገመው መቶ ሃምሳ ይቆያል።
ሕመም ነው የሚቸኩል።
ዘጠና ላይ ኬላ ጣለ።
ሳይሚም በበኩሏ ተማረች ጊዜ መስጠት፦
አንዱን ኡ ትነካለች፣ ጣቷን ታነሣለች፣
በመስኮቱ የባንዲራውን ገመድ ታያለች፣
ሁለተኛውን ከዚያ ትመልሳለች።
ነፋሱ ራሱ በሁለቱ መሃል አለፈ።

በሁለተኛው ክረምት መንቀጥቀጡ ሰከነ፤
ዘጠና ገባ፣ መቶ ሃያ ሆነ፤
ሐሳቡና ሕመሙ ባንድ እርምጃ ሄዱ።
ኒሎ ቁጥር ጨመረ፣ ቁጥር ቀነሰ።
በመጨረሻ ዘበኛዋን አሰናበተ፤
አንድ መስመር ነበረች፣ አንድ መስመር አጠፋት።

አሁን ቢሮው የሚደርሰው፦ ቱኡኡኡኡሊ።
ተረኛው ልጅ ዛሬ አዲስ አይደለም፤
ኡዎቹን በእርሳስ ጫፍ ይቆጥራል፣
«አራት። ዛሬስ ይበረታል» ይላል።
ብዙ ጊዜም አልተሳሳተም።

እኔ ይህን የምጽፍበት ፊደል ጥብቀት አያሳይም፤
ኬላው ያንባቢው ጉሮሮ ነው፣ ሌላ ዘበኛ የለም።
እንግዲህ ላላ አድርገህ አንብበው፣ ወይ አጥብቀው፣
ከዚያ ደሴት ለመጣው ቃል ሁለቱም ልኩ ነው፦
ነፋሱ አለ።